ስለ ንጹሕ አየር የሚመክሩት እነማን ናቸው? የላቭ ፊልድ ወረፋና የእኛ ባዶ ወንበር

በዳላስ ከተማ ታክሲ ነድቶ የሚያውቅ ወገን የ2010ን ነገር አይረሳም። (ዓመቶቹን የምንጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ወደ አገራችን አዋጆች ስንመጣ ወደ ራሳችን እንመለሳለን።) በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የዳላስ ከተማ ምክር ቤት ስለ ላቭ ፊልድ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ደንብ አጸደቀ። በታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ የሚሄድ ታክሲ ላቭ ፊልድ ሲደርስ ወረፋ ሳይጠብቅ ከፊት ይቆማል። ቤንዚን የሚጠጣው ታክሲ ግን የቱንም ያህል ቀድሞ ቢመጣ ከኋላ ይጠብቃል። ምክንያቱ ንጹሕ አየር ነበር።

ያንን ወረፋ ይዘው ይውሉ ከነበሩት ነጂዎች መካከል አበሻው ጥቂት እንዳልነበረ ለዳላስ ሰው መንገር አያስፈልግም። ቤንዚን የሚጠጣውን መኪና ገና በዕዳ እየከፈለ ያለ ሰው ሌላ መኪና ግዛ ወይም ሞተሩን ለውጥ ሲባል ምን እንደሚሰማው ማንም ይገምታል። ነጂዎቹ ማኅበር ነበራቸውና በማኅበራቸው ስም ከተማውን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሳቸው የተመሠረተበት ሕግ ደግሞ ራሱ የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ነበር። ያ ሕግ የመኪና ጭስ ልክ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ስለሚሰጥ ከተማው በወረፋ ሰበብ የራሱን ልክ አውጥቷል የሚል ነው ክርክሩ። በ2013 የአምስተኛው ዙር የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለከተማው ፈረደ። ደንቡ ነጂውን ያበረታታል እንጂ አያስገድድም፤ መኪናውን ያልለወጠም ሰው መሥራት ይችላል አለ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኡበርና መሰሎቹ መጥተው ወረፋውንም የወረፋውንም ጠብ ዋጋ አሳጡት፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ይህን የድሮ ክስ ያነሣነው ነጂዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ የሁሉም ሳንባ ለሚተነፍሰው ንጹሕ አየር ከፋዩ ለምን ታክሲ ነጂው ብቻ ይሆናል? ችግሩ ጥያቄው ጎልቶ የተሰማው ደንቡ ከወጣ በኋላ፣ ያውም በጠበቃ ገንዘብ መሆኑ ላይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ማለት ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ደንብ ምክር ቤት ከመድረሱ በፊት የሚፈተልበት ቦታ አለ። ኮሚቴ፣ አማካሪ ጉባኤ፣ ኮሚሽን ይባላል። አባላቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ የፋብሪካ ሰዎችና የሠፈር ተቆርቋሪዎች ናቸው። ታዲያ በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ የእኛ ሰው ስንት ነው? ለአገር ቤት ፖለቲካ አዳራሽ የምንሞላ፣ ለአንድ ተናጋሪ ከሂዩስተን ድረስ በመኪና የምንጓዝ ሰዎች ነን። የምንተነፍሰውን አየር በተመለከተ ግን ጉዳዩን ለፈረንጁ ትተንለታል።

አየሩስ ምን ሆነ? የዚህ አገር አየር እንደ መርካቶ የናፍጣ ጭስ በዓይን አይታይም፤ ስለማይታይም ያታልላል። ዋናው ችግር ኦዞን ነው። ኦዞን ከየትኛውም ጭስ ማውጫ እንዳለ አይወጣም። ከመኪና፣ ከግንባታ ማሽን፣ ከአውሮፕላንና ከፋብሪካ የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ በቀላሉ ከሚተኑ ኬሚካሎች ጋር ተገናኝቶ የበጋው ፀሐይ ሲያበስለው ይፈጠራል። ስለዚህ የሚከፋው በሞቃታማው ወራት፣ ከቀትር በኋላ ነው፤ ማለትም ልጆች ውጭ በሚጫወቱበት፣ ነጂውም በቆመበት ሰዓት። ነፋሱ በዚያ ወቅት በአብዛኛው ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚነፍስ የዳላስን ጭስ ወደ ዴንተን ያሻግረዋል። የፌዴራል መንግሥት በ2008 ልኩን 75፣ በ2015 ደግሞ 70 ክፍል ከቢሊዮን አድርጎ ሲያወርድ የእኛ አካባቢ ሁለቱንም አላሟላም። በ2022 በ2008ቱ ልክ መሠረት «ከባድ» ከሚባለው መደብ ገባ። በ2015ቱ ልክ ከተመዘገቡት ዘጠኝ አውራጃዎች ውስጥ ዳላስ፣ ታራንት፣ ኮሊንና ዴንተን ይገኙበታል። አበሻው የሠፈረው በእነዚሁ ነው።

አሁን ወደ አንድ ሰው እንምጣ። ማይክል ሃኒከት የቴክሳስ የአካባቢ ጥራት ኮሚሽን የመርዝ ጥናት ኃላፊ ነበሩ። የዚህን ኮሚሽን ሦስት ኮሚሽነሮች የሚሾመው የግዛቱ ገዥ ነው። በ2014 ዋሽንግተን የኦዞንን ልክ ዝቅ ላድርግ ባለች ጊዜ እርሳቸው ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ። ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ሰው ከዘጠና በመቶ በላይ ጊዜውን የሚያሳልፈው ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ አየር ማቀዝቀዣውም ኦዞኑን ስለሚቀንስ ብዙም አይጋለጥም የሚል ነበር። እንደ አማካይ ቁጥር ስሌቱ ላይሳሳት ይችላል። ግን ማን ነው ያ አማካይ ሰው? በቀትር መስኮቱን ከፍቶ ወረፋ የሚጠብቀው ነጂ ነው? በዳላስ ፎርት ዎርዝ ማረፊያ ከአውሮፕላን ሆድ ሻንጣ የሚያወርደው ልጅ? ሰማንያ መኪና እያስገባ እያስወጣ በፓርኪንግ ሎት የሚውለው አባት? የእኛ ሰው ኑሮ ያለው በቀሪው አሥር በመቶ ውስጥ ነው። በ2017 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኃላፊ ስኮት ፕሩት እኒሁኑ የቴክሳስ ባለሥልጣን የኤጀንሲው የሳይንስ አማካሪ ቦርድ ሰብሳቢ አድርገው ሾሟቸው። ሰውየው የተማሩ ናቸው፤ ሐሳባቸውን መያዝም መብታቸው ነው። ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ኑሮ ከሚሰጠው ምክር ጋር ግንኙነት የለውም ብሎ የሚከራከር ካለ ይምጣ።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያነሣውን ተቃውሞ እናውቀዋለን። «አማካሪ ምን ጥርስ አለው? ይመክራል፣ ይሰሙታል፣ ይጥሉታል።» ይህ ጥርጣሬ ከየት እንደመጣም እናውቃለን፤ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ነው። በመንግሥት ጋዜጣ ቤት የአርታኢነት ብዕር በያዝንባቸው ዓመታት «የምክክር መድረክ» ዜና ምን እንደሚመስል በየሳምንቱ አይተናል። የአቋም መግለጫው ከስብሰባው በፊት ይደርሳል፤ ተሰብሳቢው የሚመጣው ሊያጨበጭብ ነው፤ ዜናውም «ተሳታፊዎቹ እንዳስገነዘቡት» ብሎ ተሳታፊዎቹ ያላሰቡትን ያስገነዝባል። የሚበላው አበል ብቻ እውነተኛ ነበር።

ለምሳሌ አዋጅ ቁጥር 295/1995ን ያነበበ ሰው በአገራችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም እርሳቸው በሚወክሉት ሰው የሚመራ የአካባቢ ምክር ቤት መቋቋሙን ያውቃል። ፖሊሲና ሕግ ይመረምራል፣ የአካባቢ ደረጃዎችን ያጸድቃል ይላል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ብክለትን ይከለክላል። ወረቀቱ ግሩም ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲቀብር ግን ሟቾቹ ያንን ጭስና ግማት ሲተነፍሱ ለኖሩበት ዘመን ያ ምክር ቤት ምን መክሮ እንደነበር ሕዝቡ የሚጠይቅበት መድረክ አልነበረውም። ቃለ ጉባኤ አምጡ የሚል ጋዜጣም አልነበረም፤ ቢኖርም አዘጋጁ የት እንደሚያድር ይታወቃል።

እዚህስ? እዚህ ሁሉ ነገር ያማረ ነው አንልም። ፕሩት በዚያው በ2017 ከኤጀንሲው የምርምር ገንዘብ የሚያገኙ ሳይንቲስቶች በአማካሪነት እንዳይቀመጡ ከለከሉ፤ ከፋብሪካ ገንዘብ የሚያገኙት ግን አልተከለከሉም። በ2018 ስለ ጥቃቅን የአየር ብናኝ የሚመክረው የባለሙያዎች ቡድን ተበተነ። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ ወዲያ ነው። የተበተኑት ባለሙያዎች በ2019 በራሳቸው ተሰበሰቡ፤ ቀድሞ በመንግሥት ወንበር ላይ ሆነው የሚሠሩትን ሥራ በራሳቸው ጊዜ ሠርተው የዓመቱ የብናኝ ልክ ከ12 ወደ 8 እና 10 መካከል ይውረድ ብለው ጻፉ። በ2020 ፍርድ ቤቶች የፕሩትን ክልከላ ሕጋዊ አይደለም አሉ። በ2024 ልኩ ወደ 9 ወረደ። ታሪኩ ግን አላለቀም፤ በጥር 2025 አዲሱ አስተዳደር ሁለቱንም የኤጀንሲውን የሳይንስ አማካሪ ጉባኤዎች አባላት አሰናበተ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ ኤጀንሲው ራሱ ያወጣውን የ9 ልክ ፍርድ ቤት እንዲሰርዘው ጠየቀ። ጥርስ ለሌለው ነገር ይህን ያህል የሚደክም መንግሥት አላየንም። ምክሩ ስለሚጻፍ፣ የተጻፈውም ፍርድ ቤት ስለሚቀርብ ነው አማካሪው የሚባረረው።

በነገራችን ላይ ይህ ዝምታ አዲስ አበባም ደርሷል። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ የተከለው መሣሪያ የከተማዋን የብናኝ መጠን ለዓመታት በኢንተርኔት ለማንም ያሳይ ነበር። በመጋቢት 2025 የአሜሪካ መንግሥት የየኤምባሲውን የአየር ቁጥር ማሰራጨት አቆመ። እናቱ ሳል ያስቸገራት የዳላስ ልጅ የከተማዋን አየር የሚያይበት አንዱ መስኮት እንዲህ ተዘጋ።

ወደ ቴክሳስ እንመለስ። ከዋሽንግተን ይልቅ እዚህ፣ ከተማ ደረጃ ላይ የሚሠራው ሥራ ፍሬው ቶሎ ይታያል። ከዳላስ በስተደቡብ በሚድሎቲያን ከተማ ሦስት የሲሚንቶ ኩባንያዎች ነበሩ። የድሮዎቹ እርጥብ ምድጃዎቻቸው ጭሳቸው የከፋ ነበር። የሠፈሩ ሰዎች ለዓመታት ከግዛቱ ኮሚሽን ጋር ሲታገሉ ኖሩና ዞረው ወደ ከተሞቹ ሄዱ። በ2007 የዳላስ ከተማ ለግንባታው ሲሚንቶ ሲገዛ በንጹሑ፣ በደረቁ ምድጃ የተሠራውን እንዲያስቀድም ወሰነ፤ ፎርት ዎርዝ፣ አርሊንግተንና ሌሎችም ተከተሉ። አንዱ ኩባንያ ከተሞቹን ከሰሰ። ይሁን እንጂ በ2014 የመጨረሻው እርጥብ ምድጃ ሥራ አቆመ። ይህን ያመጡት ሚሊዮኖች አይደሉም፤ ስብሰባ የማይሰለቻቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው።

የኪሳችንም ጉዳይ አለበት። ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው አሮጌ፣ ጭሳም መኪናውን ሲለውጥ እስከ 3,500 ዶላር የሚረዳ ፕሮግራም በዚህ አካባቢ ለዓመታት ነበር። ገንዘቡ የመጣው ራሱ መኪና ያለው ሕዝብ ከከፈለው ነው። በ2017 ገዥው ግሬግ አቦት የፕሮግራሙን በጀት ሰረዙት፤ በ2019 ተዘጋ። በዚያ ሁሉ ዘመን በአማርኛ ሬዲዮኖቻችንና በድረ ገጾቻችን ስለዚህ ገንዘብ የተነገረው ምን ያህል ነው? ስለ አንድ የአዲስ አበባ ሹም ሽረት ከጻፍነው መቶኛውን ያህል አይሆንም። ከጥር 2025 ጀምሮ ቴክሳስ ለግል መኪና የደኅንነት ምርመራ ስታስቀር በእኛ አውራጃዎች የጭስ ምርመራው እንደቀጠለ ለማወቅ እንኳ ብዙ ሰው የመኪና ምዝገባው እስኪታገድበት ጠብቋል።

ከፊታችን ያለው ቀን ሐምሌ 20 ቀን 2027 ነው። አካባቢው በዚያን ጊዜ የ2008ቱን የኦዞን ልክ ካላሟላ ሕጉ በትልልቅ በካዮች ላይ የሚጣል ዓመታዊ ክፍያ አስቀምጧል። ክፍያው ከማን እንደሚሰበሰብና በምን መልክ እንደሚተካ፣ በመጨረሻ ሸክሙ የማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ የሚመከረው በኮሚቴዎቹ ነው። የላቭ ፊልድ ዓይነት ደንብ የሚወለደው ከእንዲህ ያለ ግፊት ነው። የአካባቢው ከተሞችና አውራጃዎች የጋራ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቱ አርሊንግተን ነው፤ የትራንስፖርትና የአየር ጉዳይ እዚያ ይመከራል። የዳላስ ከተማም በ2021 የአካባቢ ኮሚሽን አቋቁማለች፤ አባላቱን የሚሾሙት የከተማው ምክር ቤት ተመራጮች ናቸው፤ እነርሱም በየምርጫው ድምፃችንን ሊጠይቁ ቤተ ክርስቲያናችንና መስጊዳችን ድረስ ይመጣሉ። በሚቀጥለው ሲመጡ ከእንጀራው ጋር አንድ ስም ይቅረብላቸው። የአስም ሕሙማንን የምትረዳ ነርስ አለችን፣ የአካባቢ መሐንዲስ አለን፣ ሃያ ዓመት ነድቶ የከተማውን ጭስ ከማንም በላይ የሚያውቅ ታክሲ ነጂ አለን። ማመልከቻው ሁለት ገጽ አይሞላም።