ረዳትን መምረጥ

በባሕር ዳር አዲስ ዋና አሠልጣኝ በተሾመ ቁጥር ከጣና ዳር እስከ ስታዲየሙ የሚሰማው ጥያቄ «ማንን ይዞ ይመጣ ይሆን?» የሚል ነው። ይህን እንደ ተራ ወሬ የሚቈጥሩት ቢኖሩም፣ እኛ ግን ዋናው ጉዳይ እርሱ ነው እንላለን።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። አቶ አብርሃም መብራቱ በ2010 ዓ.ም. የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ ሆነው ሲሾሙ፣ በረዳትነት የተሰለፉት አቶ ሥዩም ከበደና አቶ ፋሲል ተካልኝ ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን አቶ ፋሲል የባሕር ዳር ከነማ፣ አቶ ሥዩም ደግሞ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ዋና አሠልጣኝ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ በአቶ ሥዩም መሪነት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። እንግዲህ ረዳትን የሚመርጥ ሰው የነገውን ዋና አሠልጣኝ ጭምር ይመርጣል ማለት ነው።

የቆየ ባልደረባውን ይዞ የሚመጣ አሠልጣኝ ታማኝ ሰው ያገኛል፤ ነገር ግን ባልደረባው የተጫዋቾቹን ጠባይ አያውቅም። ነባሩ ረዳት ቡድኑን ያውቃል፤ ሆኖም ወንበሩን ይመኛል ተብሎ ይጠረጠራል። በእኛ አስተያየት ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቢያዝ ይበጃል። ከሁሉም በላይ ግን ከጨዋታው በፊት «ይህ አይሆንም» ለማለት የሚደፍር ሰው ያስፈልጋል።

የክለብ አመራሮችም ምርጫውን ለአሠልጣኙ ሊተዉለት ይገባል። ረዳቱን ሌላ የመረጠለት አሠልጣኝ ሲሸነፍ ምክንያት አያጣምና። በጣና ላይ ታንኳ የቀዘፈ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቀዛፊዎቹ ካልተስማሙ ታንኳዋ ባለችበት ትዞራለች እንጂ ወደፊት አትሄድም።