አንገት እያዩ መሸመት

ቆሰበር ገበያ ነው። ወረቀት ላይ «እንጅባራ» ይባል እንጂ ለእኔ ትውልድ ያው ቆሰበር ነው። ሁለት ድንች ሻጮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ድንቹ ያው ድንች፣ ዋጋውም አንድ። አንደኛው ደረቱ ላይ መዳፍ የሚያህል የብረት መስቀል አንጠልጥሏል፤ ሌላው ነጭ የሶላት ቆብ ደፍቷል። እግሬ ሳያማክረኝ ወደ ባለመስቀሉ ሄደ።

«ይመኑኝ ጋሼ፣ ማተብ ያለኝ ሰው ነኝ!» አለና መስቀሉን ነካ አደረገ። አመንኩት። አሥር ኪሎ ብሎ መዘነልኝ። ያረፍኩበት ዘመድ ቤት ወስደን ብንመዝነው ስምንት ኪሎ ተኩል!

የዚያኛው ሚዛን ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። አልገዛሁትማ! የከነከነኝም የጎደለው ድንች አይደለም፤ ድንቹን ሳይሆን አንገቱን አይቼ መሸመቴ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ «ገጸ ባሕርይን በሥራው እንጂ በልብሱ አትመዝኑ» እያልኩ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰውዬ!

የድሮ ሙያዬ አይለቀኝምና እስቲ ወደ ቃሉ እንመለስ። «ማተብ» ከግዕዙ «ዐተበ» የወጣ ነው፤ አማተበ፣ አተመ ማለት ነው። ማተብ ማኅተም ነው። ማኅተም ደግሞ ከላዩ የተጻፈ ቃል ከሌለ ባዶ ወረቀት ላይ ያረፈ ቀለም ነው። አባቶቻችን «ማተብ የለውም እንዴ?» ሲሉ አንገት መፈተሻቸው አልነበረም፤ «ቃሉን በላ፣ ሕሊናውን ሸጠ» ማለታቸው ነበር። ልጅ ክርስትና ሲነሣ የሚታሰርለት ክር ነበር። አቅም ያላት እናት የማሪያ ትሬዛ ብር አስቀልጣ መስቀል ታሠራበታለች፤ የሌላት በክሩ ትወሰናለች። በክር ብቻ የታሰረ ሰው ቃሉ አይቀልም ነበር።

መስቀልና ትንሽ ብረት የተገናኙት ደግሞ ትናንት አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ከገንዘቡ ላይ ጨረቃውንና ክቡን አንሥቶ መስቀል አስቀረጸ። ከዚያ በኋላ በወጡ የአክሱም የመዳብ ሳንቲሞች ላይ፣ ከመስቀሉ ጋር፣ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል የግሪክኛ ጽሑፍ አለ። የንጉሥ አርማሕ ሳንቲም በግዕዝ «ፍሥሓ ለይኩን ለአሕዛብ» ይላል፤ ለሕዝብ ደስታ ይሁን! ልብ በሉልኝ፤ መዳብ የገበያ ገንዘብ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር። ያ መስቀል ገበያ ሲወጣ ለሻጩም ለገዢውም መልካም ተመኝቶ ነበር። የእኛው ገበያ ወጥቶ የጎደለ ሚዛን መሸፈኛ ሆነ።

«ታዲያ መስቀል አታንጠልጥሉ ልትለን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ኧረ ወዲያ! በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችን ክርስቲያን ናችሁ ተብለው ሲታረዱ አላየንም? ደም የተከፈለበትን ምልክት ለአንድ ኪሎ ተኩል ድንች መያዣ ማድረግ ነው ድፍረቱ።

ጥፋቱ ግን የሻጩ ብቻ አይደለም። አንገት የሚሸጥልን አንገት እያየን ስለምንገዛ ነው። (ቆብ እያየ የሚሸምት የእኔ ቢጤም በዚያ በኩል አይጠፋም።) ዛሬ በድንች የጀመርነው ነገ ቤት ስናከራይ፣ ሠራተኛ ስንቀጥር፣ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ስንመርጥ ይከተለናል። መስቀሉ «ለፈጣሪዬ ቃል አለብኝ» ማለቱ ቀርቶ «የእናንተው ወገን ነኝ» ማለት ሆነ። ወገን መሆን ምን ያስከፍላል? ምንም! ቃል ግን ያስከፍላል፤ ቢያንስ አንድ ኪሎ ተኩል ድንች።

በሚቀጥለው ገበያ ወደዚያው ልጅ ተመልሼ «ልጄ፣ መስቀልህ ያምራል፤ እስቲ አሁን ሚዛንህን አሳየኝ» ልለው አስቤአለሁ። መስቀሉን ከልቡ የሚወድ ከሆነ አይቀየመኝም። ከዚያ ደግሞ ጎረቤቱንም እጠይቀዋለሁ፤ ያንኑ ጥያቄ።