ከበዓሉ ማግስት

ደብረ ማርቆስ ጥምቀት ሲቃረብ መልኳ ይለወጣል። ታቦታቱ የሚያልፉበት ጎዳና ይጠረጋል፤ ወጣቶች ሰንደቅ ይሰቅላሉ፣ ቄጤማ ይጎዘጉዛሉ፣ ምንጣፍ ተሸክመው ከፊት ከፊት ይሮጣሉ። ያስገደዳቸው የለም። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓልም ለዛሬ የበቃው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውን ማኅበር ልጅ ከአባቱ እየተረከበ ስላቆየው ነው።

የደብረ ማርቆስ ከተማ አስተዳደር ይህን የወጣቶች ጉልበት ለበዓል ቀን ብቻ መተው የለበትም። የቀድሞዋ መንቆረር፣ የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቷ ብርቱ ነው። ቦይ በቆሻሻ ሲደፈን ጎርፉ መንገድ ላይ ይወጣል፤ ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ ያስነጠፈውን ኮብልስቶን ሳይቀር ይፈነቅላል። ይህ ያሳዝነናል። በአካባቢው ያለው የጸጥታ ችግር የአስተዳደሩን ሥራ እንዳከበደው እናውቃለን፤ ቦይ መጥረግ ግን ሰላም እስኪሰፍን የሚጠብቅ ሥራ አይደለም።

ጠረጋው በየቀበሌው ከሰኔ በፊት ይጀመር። ለጥገና የተያዘው ገንዘብ ስንት እንደሆነ በነዋሪው ስብሰባ ላይ በብር ይነገር። ጥምቀትን የሚያስተባብሩት ወጣቶችም ለጉልበታቸው ብቻ አይጠሩ፤ የትኛው ሰፈር ይቅደም ሲባል ድምፅ ይኑራቸው።