ጩኸት የፈረስ ጉልበት አይሆንም

ባለፈው ወር አምስት ሆነን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣን። ወጣን ማለት... ሦስቱ በመኪና፣ ሁለታችን በእግር! ጓደኛችን ለአሮጌ ኮሮላው «ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ ቀይ ክፍት ፊልትሮ አስገጥሞ ነበር። መኪናዋ እንደ አንበሳ ታገሳለች። ግን መንገዱ ተዘጋግቶ ግማሽ ሰዓት ቆም ሄድ ስንል ከቆየን በኋላ ዳገቱን ስትጀምር ኤሊ ሆነች። ወርደን ሸክሙን አቀለልንላት።

«ሴቶች ስለ ሞተር ምን አገባችሁ?» የምትሉ ወንድሞቻችን፣ ወርደን የተራመድነው እኛ ነን። ያገባናል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሲሞቅ ይሳሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ሒሳቡ የሃይስኩል ፊዚክስ ነው፦ በ25 ዲግሪ ፈንታ በ55 ዲግሪ የሞቀ አየር የሚስብ ሞተር 9 በመቶ ያህል ያነሰ አየር ያገኛል። በዚያ ላይ የጋለ አየር ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዲፈነዳ ስለሚገፋፋ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ጉዳት ለመከላከል የካንዴላውን እሳት ያዘገያል። ጉልበት እንደገና ቀነሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው መኪና ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን ገና ከግቢ ሳይወጣ አጥቷል። ከፍታውን ማውረድ አንችልም። እግዜር ግን በምትኩ ቀዝቃዛ አየር ሰጥቶናል፤ እኛ እሱን ትተን ከኮፈን ሥር የተጠበሰውን እናበላዋለን!

ያ አስቀያሚ ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥንና ቱቦ ለጌጥ አልተቀመጠም። በአብዛኛው መኪና ቱቦው የውጭውን አየር ይስባል፤ ሳጥኑ ፊልትሮውን ከሞተሩ ግለት ይከልላል። ክፍቱ ፊልትሮ ግን ራዲያተሩ የሚተፋውን ሙቀት ይምጋል። መኪናው ሲሮጥ ንፋስ ስለሚገባ ልዩነቱ ይጠባል። ግን ንገሩን እስቲ፣ በዚህ መጨናነቅ የሚሮጠው ማነው?

ታዲያ ለምን እንገዛዋለን? ስለሚጮህ። ጆሯችን ጉልበት ይሰማል፣ ጎማው ግን አያገኘውም።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። ዳገት ላይ ከባድ መኪና ልቅደም ብሎ መሃል መንገድ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው መኪና የሰው ሕይወት ይዟል። ደግሞም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። እነዚህን አሮጌዎች መንከባከብ የግድ ነው።

እናም ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ቀዩን ከመግዛታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ። ቱቦው ተነቅሏል? መልሱት። የሳጥኑ መቆለፊያ ተሰብሯል? አሠሩት። ፊልትሮው አቧራ ጠግቧል? ቀይሩት። «ይንኳኳል» ተብሎ ከጭስ ማውጫው ላይ የተነሳውን የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ አስመልሱት። ተርቦ ያላችሁ ደግሞ ኢንተርኩለሩን ጭቃ እንዳልደፈነው እዩ፤ ተርቦ አየሩን ሲጨምቀው ያግለዋል፣ የሚያቀዝቅዘው እሱ ነው። ክፍቱን ካልገጠምን ካላችሁም ከሞተሩ የሚለየው ግድግዳና የውጭ አየር የሚያመጣለት ቱቦ ይኑረው።

ጓደኛችን የድሮውን ሳጥን ከጋራዡ ጥግ ፈልጎ አስመለሰ። ተአምር አልተፈጠረም፤ መኪናዋ ዛሬም ዳገት ላይ ታቃስታለች። ማግሳቷን ግን ትታለች። ባለፈው እሁድ አምስታችንም እንጦጦ ደረስን... ቁጭ ብለን!