መርከቧ ሄደች፤ ሞዴሏን ማን ይጠግናት?

እስቲ አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ምሰሶው የተሰበረ፣ ቀለሙ የተላጠ አሮጌ የመርከብ ሞዴል ከአባትዎ ቢወርሱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ማን ይወስዱታል? ጥያቄው የአንድ ወዳጄ ነው። አናጢውም፣ ክፈፍ ሠሪውም፣ የስጦታ ዕቃ ሻጩም የመለሱለት አንድ ነው፤ «አዲስ ቢገዙ ይሻላል»።

ለመሆኑ አዲሱ ከየት ይገዛል? ሞዴሏ የምታሳየው «ኢትዮጵያ» የተባለችውን መርከብ ነው። ይህች መርከብ እ.ኤ.አ. በ1944 «ኦርካ» በሚል ስም ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎት የጀመረች፣ በ1962 ለአገራችን ተሰጥታ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ የሆነች ናት። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በ1996 ባሕር ኃይሉ ራሱ ፈረሰ። ከዚያ ሁሉ ብረት የተረፈን በየቤቱ የተቀመጠ ፎቶግራፍ፣ የደንብ ልብስ ቁልፍና እንዲህ ያለች ሞዴል ነው። በ2018 መንግሥት ባሕር ኃይልን መልሶ እንደሚያቋቁም አስታውቋል። መርከብ በገንዘብ ይገዛል፤ የቀድሞዎቹ መርከበኞች ትዝታ ግን በጨረታ አይገኝም።

«ሕግ አለን» የሚል ይኖራል። አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በእጁ ያደረገ ሰው እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥልበታል። ይሁን እንጂ አዋጅ ባለቤቱን ያዝዛል እንጂ ጠጋኙን አይወልድም። የጠጋኝ ድርቀት ሥሩ ከሕግ ይልቅ ከልማዳችን ነው። ሸማኔውን፣ አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ስድቡ ቀንሶ ይሆናል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ቀይሮ አለ። ዛሬ የሚከበረው አዲስ ያስመጣ ነው፤ አሮጌውን ያዳነ «ጊዜውን ያባከነ» ይባላል።

ጥገና ደግሞ እንዲሁ ማጣበቅ አይደለም። እውነተኛ ጠጋኝ ከመንካቱ በፊት ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የተጨመረውን ከነባሩ ለይቶ ይመዘግባል፤ የሚመጣው ትውልድ ሊያላቅቀው የሚችል ሙጫ ይመርጣል። ስለዚህ ሞዴል ያላችሁ ሁሉ፣ ባለሙያ እስኪገኝ ቶሎ የሚደርቀውን ሙጫ አታስነኩት፤ ስባሪዎቹን በፖስታ አኑሩ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። ሙያውም ከነጭራሹ የጠፋ አይደለም፤ ተበታትኖ ነው። ጥቃቅኑን የናስ ክፍል ወርቅ ሠሪ ይበይደዋል፤ እንጨቱን ቅርጻ ቅርጽ ሠሪ ያቃናዋል። የጎደለው እነዚህን እጆች በአንድ የጥገና ዕቅድ የሚያገናኝ ሰው ነው።

«ሕዝብ እየተራበ ስለ መጫወቻ መርከብ ታወራለህ ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ የአንዲት ሞዴል ጉዳይ አይደለም። የምስል ክፈፍ ሲሰበር፣ የብራና መጽሐፍ ገበታ ሲላቀቅ፣ የአያት በገና ሲሰነጠቅ የምንፈልገው ያንኑ ትዕግሥተኛ እጅ ነው። ይህም ለወጣቱ የሥራ እንጀራ እንጂ ቅንጦት አይደለም። ታዲያ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ጥገናን እንደ አንድ ሙያ ቢያስተምሩ፣ ቅርስ ጠባቂው መሥሪያ ቤትም የጠጋኞችን መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ቢያደርግ ምን ይገደዋል? ለሁለቱም የሚጠየቀው ወጪ አንዲት የጦር ጀልባ አይገዛም።

ታሪካችንን በየመድረኩ ማወደስ ቀላል ነው። ክብራችን የሚለካው ግን ለተሰበረው ነገር ባቆምነው ሠራተኛ ነው። ጠጋኝ የሌለው አገር የሚያወርሰው ስባሪ ብቻ ነው።

ቸር ይግጠመን።