ቀመር ይሠራል እንጂ አይሸመደድም

በዚህ ጋዜጣ ስለ ምግብ ቤቱ፥ ስለ መኝታ ክፍሎችና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት ብዙ ተጽፏል፤ ተገቢም ነው። ዛሬ ግን ስለ ትምህርቱ ስለ ራሱ፥ ያውም ስለ አንዲት ጠባብ ክፍሉ ልንነጋገር እንወዳለን። ጉዳዩ የአዮናዊ ውሑዶችን ቀመር መጻፍና ለውሑዶቹ ስም መስጠት ነው። ኬሚስትሪ የማይማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን «ይህ እኛን አይመለከተንም» ብለው ገጹን እንዳያልፉት እንለምናለን፤ የምንናገረው ስለ አማማራችን ሁሉ ነውና።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የአዮኖችንና የቀመሮችን ዝርዝር ይቀበላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነበንብ ያድራል፤ በማግስቱ ይፈተናል፤ በሳምንቱ ይረሳል። ካልሲየም ክሎራይድን አስተካክሎ የጻፈው ተማሪ ስለ አሉሚኒየም ሰልፌት ቢጠየቅ «ይህንንስ አልተማርነውም» ይላል። ይህን ስንፍና ብሎ መጥራት ቀላል ነው። እኛ ግን ምክንያቱ ስንፍና አይመስለንም። ተማሪው የተሰጠው የተሠራ ነገር ነው፤ አሠራሩን አላሳዩትም፤ ፈተናውም አሠራሩን አልጠየቀውም።

አሠራሩ ግን ከአንድ ሱቅ መዝገብ የበለጠ አይከብድም። ሕጉ አንድ ነው፤ ፖዘቲቩ ቻርጅና ኔጋቲቩ ቻርጅ ተቻችለው ሒሳቡ ዜሮ መሆን አለበት። ካልሲየም ሁለት ፖዘቲቭ አለው፤ ክሎራይድ አንድ ኔጋቲቭ። ስለዚህ ለአንድ ካልሲየም ሁለት ክሎራይድ ያስፈልገዋል። አሉሚኒየም ሦስት ፖዘቲቭ አለው፤ ሰልፌት ሁለት ኔጋቲቭ። ሦስትና ሁለት የሚገናኙት በስድስት ነው፤ ስለዚህ ሁለት አሉሚኒየምና ሦስት ሰልፌት ይሆናል። ይህን ያወቀ ተማሪ አይቶት የማያውቀውን ውሑድ ቀመር ሊጽፍ ይችላል።

ቅንፉም እንዲሁ ምክንያት አለው። ሰልፌት ማለት አንድ ሰልፈርና አራት ኦክስጅን ተያይዘው እንደ አንድ አካል የሚሄዱበት አዮን ነው። ሦስት ሰልፌት ለማለት ቅንፉን ትተን 3 ቁጥርን ብቻ ከግርጌ ብንጨምር፥ 3 ከ4 ጋር ተጋጥማ 43 ኦክስጅን ተብላ ትነበባለች። ቅንፉ ሲገባ ግን ኦክስጅኑ 12 ነው። ይህ ውሑድ የወንዝ ውኃ ለከተማ ሲጣራ ጭቃውን ለማዝቀጥ የሚጨመር ነው፤ መጠኑን የሚያሰላው ሰው 12ን ከ43 ቢያሳስት ምን እንደሚከተል አንባቢ ይፍረድ።

ስለ ስሞቹም እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1787 ላቮዋዚዬና ሦስት ባልደረቦቹ በፓሪስ አዲስ የኬሚስትሪ አሰያየም ባወጡ ጊዜ፥ የስም መድረሻው ስለ ነገሩ ጠባይ እንዲናገር አደረጉ። ሰልፌትና ሰልፋይት ሁለቱም ሰልፈርና ኦክስጅን ናቸው፤ ሰልፋይት ግን በአንድ ኦክስጅን ያንሳል። ሰልፋይድ ደግሞ ኦክስጅን ጭራሽ የለውም። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። «አለ» የሚለው ቃላችን ሲላላ ተናገረ፥ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው፤ በአንዲት ድምፅ ትርጉሙ ይለወጣል።

የስም ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ባርየም ሰልፌት በሽተኛው ሆዱን ራጅ ከመነሣቱ በፊት የሚጠጣው ነጭ መድኃኒት ነው፤ በውኃም በጨጓራ አሲድም ስለማይሟሟ ሳይጎዳ ያልፋል። ባርየም ካርቦኔትም ነጭ ዱቄት ነው፤ ነገር ግን በጨጓራ አሲድ ስለሚሟሟ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በብራዚል ለራጅ በተሰጠ ባርየም ሰልፌት ውስጥ ካርቦኔት ስለ ተገኘ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል።

ብረትም ሁለት ጠባይ አለው፤ አንዳንዴ ሁለት፥ አንዳንዴ ሦስት ፖዘቲቭ ይይዛል። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት አንዱን ፌረስ፥ ሌላውን ፌሪክ አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ጀርመናዊው አልፍሬድ ስቶክ ቁጥሩ ራሱ በስሙ ውስጥ ይግባ ብሎ አሳሰበ። በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር እናት ከሚሰጡት የብረት ክኒኖች አንዱ ፌረስ ሰልፌት፥ ማለትም ባለ ሁለቱ ነው፤ ሰውነት ባለ ሁለቱን ከባለ ሦስቱ ይልቅ በቀላሉ ይቀበላልና።

ወደ ገበሬው እንምጣ። ገበሬዎቻችን ለብዙ ዓመታት «ዳፕ» እያሉ የጠሩት ማዳበሪያ ስሙ ዳይ አሞኒየም ፎስፌት ነው፤ «ዳይ» ማለት ሁለት ነው። ለምን ሁለት? አንድ ሃይድሮጅን የያዘው ፎስፌት ሁለት ኔጋቲቭ አለው፤ አሞኒየም ግን አንድ ፖዘቲቭ ብቻ ነው። ፎስፌቱ ሁለት ሃይድሮጅን ሲይዝ አንድ ኔጋቲቭ ብቻ ይቀረዋል፤ ያን ጊዜ አንድ አሞኒየም ይበቃዋል፤ ማዳበሪያውም ሌላ ይሆናል፤ ናይትሮጅኑ ያንሳል። ነገ የእርሻ ባለሙያ ተብሎ ወደ ገጠር የሚወርደው የዛሬው ተማሪ ነው። ገበሬው ቢጠይቀው በሸመደደው ዝርዝር ምን ይመልስለታል?

«በቃል ማጥናት የአባቶቻችን ልማድ ነው» የሚሉን አሉ። ለአባቶቻችን ያልሆነ ስም አንስጣቸው። ፊደል ሳይቆጠር ንባብ እንደሌለ እኛም እናምናለን፤ ሰልፌት ሁለት ኔጋቲቭ መሆኑን፥ አሞኒየም አንድ ፖዘቲቭ መሆኑን በቃል መያዝ ግዴታ ነው። እንዲህ ያሉ ዋና ዋና አዮኖች ከሠላሳ እምብዛም አይበልጡም። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በፊደልና በንባብ አያበቃም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ቢያመጣ አይመሰገንም፤ በሚያውቀው ሰዋስው ያልተባለውን አዲስ ይቆጥራል። ቀመር መጻፍ ከዚህ በምን ይለያል? አዮኖቹ ቃላቱ ናቸው፤ የቻርጁ ሚዛን ሰዋስው ነው። እኛ ፊደሉን ይዘን ቅኔውን ተውነው።

ሌላው ችግር ቋንቋ ነው። ምልክቶቹ የዓለም ሁሉ ናቸውና ይተርጎሙ አንልም፤ የመማሪያው ቋንቋም ይለወጥ አላልንም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ነገሩን በሚያስብበት ቋንቋ ማስረዳት ካልቻለ አላወቀውም። «አዮን» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1834 ፋራዴይ ለሳይንስ ሲያውለው ከግሪክኛ ወስዶ ነው፤ ትርጉሙ «ሂያጅ» ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ሲገባበት ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ጫፍ የሚሄድ ስለሆነ ሂያጅ ተባለ። ይህን በአምስት ደቂቃ የሚነግረን መምህር የብዙ ሌሊት ሽምደዳ ያስቀርልናል። አማርኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ወንድማችንም በኦሮምኛው፥ በትግርኛው፥ በሶማልኛው እንዲሁ ይሁንለት።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ መምህሮቻችን በፈተና ላይ በክፍል ያልተጻፈ ውሑድ እንዲሰጡንና ቀመሩን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም እንዲጠይቁን፤ ዋናዎቹን አዮኖች የያዘ ሠንጠረዥ ከፈተናው ወረቀት ጋር ቢያያዝ እንኳ አንቃወምም። ሁለተኛ፥ ማኅበራችን እነዚያን አዮኖች ከነቻርጃቸውና ከነትርጉማቸው በአንድ ገጽ አባዝቶ ለአዲስ ገቢዎች እንዲያድል። ሦስተኛ፥ ከፍ ያሉት ተማሪዎች በሳምንት አንድ ሰዓት ታናናሾቻቸውን በገዛ ቋንቋቸው እንዲያስረዱ። ለዚህ የሚጠየቅ በጀት የወረቀትና የቀለም ብቻ ነው።

ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያለው፥ ወይም ተሳስታችኋል የሚለን መምህር ወይም ተማሪ ቢኖር፥ ይጻፍልን። ዝም ብሎ ማለፍ ግን አይገባም፤ የሚመጡት ተማሪዎችም ያንኑ ዝርዝር ሊሸመድዱ በር ላይ ቆመዋልና።