አራት ስምንት በአምስት መቶ ብር

አንድ ቅዳሜ ቤታችን ኢንተርኔት «ጠፋ»። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገባሁት አለነገር አይደለም፤ ኋላ ይገባችኋል። ልጄ የትምህርት ቤት ሥራዋን የምትልክበት የመጨረሻው ቀን ነበር። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ራውተሩን እያጠፋሁ አበራለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ «ለምን ያንን ልጅ አትጠራውም?» ትላለች። መቼም በየሰፈሩ አንድ «ያ ልጅ» አይጠፋም።

ጠራሁት፣ መጣ። ሻዩን ተቀበለ፣ ኮምፒዩተሬን ከፈተ፣ አንድ ቦታ ገባና አራት ስምንት ጻፈ፦ 8.8.8.8። ሁሉም ነገር ተከፈተ። ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ሰርቨር ነው ጋሼ፣ አስተካክዬዋለሁ።»

«የምን ሰርቨር?»

«ጋሼ ደግሞ! ማወቁ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል? አምስት መቶ ብር ነው።»

አንዱ ስምንት በመቶ ሃያ አምስት ብር ሂሳብ መሆኑ ነው። ከፈልኩ። የባለቤቴ ስልክ ግን እስከ ማታ አልሠራም። ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም፤ «ምን ያደርግልዎታል?» የምትለዋ ነገር ነች። ከዚያም በላይ የሚያናድደው፣ እኔ ራሴ ለዓመታት ይህንኑ ለራሴ ስል መኖሬ ነው።

ነገሩ ያን ያህል ጥልቅ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ቤት ስትፈልጉ ምን ታደርጋላችሁ? የቤት ቁጥር ይዞ የሚሄድ ስንቱ ነው? ጥግ ላይ ያለውን ባለሱቅ «የእገሌ ቤት የቱ ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ኢንተርኔትም እንደዚያው ነው። ኮምፒዩተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፤ እኛ የምናስታውሰው ደግሞ ስም ነው። ስለዚህ ስም ሰምቶ ቁጥር የሚነግር ባለሱቅ ያስፈልጋል። ዲ ኤን ኤስ የሚሉት ይኸው ነው፤ የስም አገልግሎት።

ድሮ ኮምፒዩተሮቹ ጥቂት ሳሉ ስምና ቁጥሩ ሁሉ በአንድ ዝርዝር ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። ዝርዝሩን የሚይዘው ካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድ ምርምር ተቋም ውስጥ ኤልዛቤት ፋይንለር ትመራው የነበረው ክፍል ነው። ብዛቱ ሲያስቸግር ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራውን ለብዙ ባለሱቆች የሚያከፋፍል ዘዴ አወጣ። ዛሬም የምንጠቀመው በእሱ ነው።

እንግዲህ የእናንተ ቤት ባለሱቅ ማነው? ካልነካችሁት በስተቀር አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት አቅራቢያችሁ የመደበላችሁ ነው። የእኛ ቤት የቅዳሜው ችግርም መንገዱ ተቆርጦ ሳይሆን ባለሱቁ ተኝቶ ነበር። ማወቂያው ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩ ትእዛዝ መቀበያ መስኮት ላይ ping 1.1.1.1 ብላችሁ ጻፉ። ቁጥር ስለሆነ ባለሱቅ አያስፈልገውም። እሱ መልስ ሰጥቶ በስም የሚጠራው ሁሉ እምቢ ካለ የታመመው የስም አገልግሎቱ ነው። ሁለቱም እምቢ ካሉ ግን አራት ስምንት ቀርቶ አርባ ስምንት ብትደረድሩ ዋጋ የለውም፤ መስመሩን ወደሚያቀርበው መሥሪያ ቤት ደውሉ።

«ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የውሃው መዝጊያ የት እንዳለ ለማወቅ ቧንቧ ሠራተኛ መሆን ያስፈልጋል? ብሬከር ሲወድቅ ለማንሳት መሐንዲስ እንጠራለን?

ደግሞም ባለሱቅ ሁሉ ደግ አይደለም። የማንን ቤት እንደምትጠይቁ ያውቃል፤ ከፈለገም የተሳሳተ ቤት ይልካችኋል። ይህ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ይፋ ባደረገው ክስ ስድስት ኢስቶኒያውያን ተይዘዋል። ዲ ኤን ኤስ ቼንጀር የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ከ100 በሚበልጡ አገሮች ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮምፒዩተሮችን ባለሱቅ በሌባ ባለሱቅ ቀይሮ ነበር። በሌቦቹ ቦታ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ንጹሕ ሰርቨሮች ተተኩ። እነዚያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 2012 ሲዘጉ ኮምፒዩተራቸውን ካላጸዱት አንዳንዶቹ «ኢንተርኔት ጠፋ» አሉ። ያ ፕሮግራም የፋብሪካ ፓስዎርዳቸው ያልተቀየረ ራውተሮችንም ይሞክር ነበር። የእናንተን ቀይራችኋል? እኔ አልቀየርኩም ነበር።

ስለዚህ አንድ እሑድ ተቀመጡ። ራውተሩን ገልብጡት፤ የመግቢያው ቁጥር ሆዱ ላይ ተለጥፏል፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። በእሱ ግቡና መጀመሪያ ፓስዎርዱን ቀይሩ። ቀጥሎ ዲ ኤች ሲ ፒ የሚለውን ክፍል ፈልጉ፤ ለቤቱ ዕቃ ሁሉ ባለሱቁን የሚያስተዋውቀው እሱ ነው። «ያ ልጅ» ኮምፒዩተሩን ብቻ ነክቶ ስልኮቹን የተወው እዚህ ስላልገባ ነው። 9.9.9.9 የሚታወቁ አደገኛ ገጾችን ይከለክላል፤ 1.1.1.3 በዚያ ላይ ለልጅ የማይሆነውን ይጨምራል። ራውተሩ ተቆልፎ ካልፈቀደላችሁ በየዕቃው ላይ መጻፍ ትችላላችሁ።

አልዋሽም፤ ይህ ማለት ከሰፈር ባለሱቅ ወደ ባሕር ማዶ ባለሱቅ መዞር ነው፤ እሱም ጥያቄያችሁን ይሰማል። ልጅን የሚጠብቅ ቁጥርም የለም። ጎረምሳ ስልኩ ላይ ሌላ ባለሱቅ መጻፍ ይችላል፤ የወላጅ ምክር አሁንም ከራውተር በላይ ነው። ነገር ግን መርጦ ማመንና ሳያውቁ ታምኖ መኖር ለየቅል ናቸው።

እኔ አንድ እርምጃ ጨምሬያለሁ። ራስበሪ ፓይ በምትባል መዳፍ በምታህል ኮምፒዩተር ላይ ፓይ ሆል የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭኜ ቤቴ የራሱ ባለሱቅ አለው። የማይቀያየር ቁጥር ሰጠኋት፣ ያንን ቁጥር ራውተሩ ላይ ጻፍኩ፤ ብዙው ማስታወቂያ ቀረ። ሁለት ጊዜ ግን ተሳስቻለሁ። «ለመጠባበቂያ» ብዬ በሁለተኛው መስመር 8.8.8.8 ስጽፍ የከለከልኩት ሁሉ በጓሮ በር ተመለሰ፤ ዕቃዎቹ ደስ ያላቸውን ይጠይቃሉና። ሌላ ቀን ባለቤቴ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ትንሿን ኮምፒዩተር ከሶኬት ነቀለቻት፤ ቤቱ በሙሉ ዝም አለ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። እኔም እንደ «ያ ልጅ» ምስጢሩን ለብቻዬ ይዤ ነበር።

አሁን ቁጥሮቹና ቅደም ተከተላቸው በወረቀት ተጽፈው በቁም ሣጥኑ በር ውስጥ ተለጥፈዋል። «ያ ልጅ» ዛሬም ወዳጄ ነው፤ ከባድ ሥራ ሲገኝ እጠራዋለሁ፣ እከፍለዋለሁም። ግን ባለፈው ሰሞን ኢንተርኔት እምቢ ሲል ልጄ አላለቀሰችም። ወረቀቱን ይዛ መጣችና፦

«አባዬ፣ መንገዱ ነው ወይስ ባለሱቁ?» አለችኝ።

መንገዱ ነበር። አምስት መቶ ብሩ ግን ኪሴ ቀረ።